አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ማሽን

ደሴ ውስጥ «አይ» የሚለው ቃል ከሞተ ቆይቷል። ቀብሩ ላይ ግን ማንም አልተገኘም፤ ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ የማይፈልገውን ነገር እየተቀበለ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ደግፌ የመጣ ጊዜ ነው። ደግፌ ስሙ የሰው ይሁን እንጂ ሰው አይደለም። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ታክሲውን የሚነዳው እሱ ነው፤ ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ ምን እንደጎደለ ከእናንተ ቀድሞ የሚያውቀውም እሱ ነው። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ያው ደግፌ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ ያው ደግፌ። የሠሩት የገዛ አገራችን ልጆች ናቸው። ከውጭ የሚመጡት ማሽኖች አንዴ «አይ» ሲባሉ ጭጭ ማለታቸውን አይተው፣ «ይሄማ ለእኛ ሰው ብልግና ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እንግዳ «ብላ» ሲባል መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላል፤ ይሄ ጨዋነቱ ነው። ሲደገምለትም «ኧረ በቃኝ» ይላል፤ ይሄ ደግሞ ይሉኝታው ነው። ስለዚህ ደግፌን እንደ ደህና ባለቤት አድርገው አሳደጉት፦ የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም፣ ሁለተኛውም አይቆጠርም፣ እስከ ሦስተኛው ይለመናል። ያውም ዝም ብሎ ልመና መስሏችኋል? «በሞቴ» አለበት፣ «አፈር ስሆን» አለበት፣ «እኔን ብለሽ» አለበት። አንድ የመናፈሻ ሰፈር ሽማግሌ፣ ሞት የማያውቀው ነገር በሞቱ ሲለምናቸው ተናደው «መጀመሪያ ሙትና እንነጋገራለን!» ብለውት ነበር። በማግስቱ የጀልባ ቀዛፊዎች ማኅበር አባል ሆነው ተገኙ። ደሴ ላይ!

ሦስት ጊዜ ጸንቶ እምቢ ያለ ሰው ጠፍቶ አይደለም። አልፎ አልፎ ይገኛል። ደግፌ ግን ከሦስተኛው በኋላ ድምፁን ሰበር አድርጎ «እሺ… ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ይላል። ይቺን ሰምቶ የሚችል አንጀት ከየት ይመጣል? ሰውየው ከደጅ ይመለስና «ኧረ ተወው፣ አምጣው በቃ» ይላል።

መምህርት ሉባባ አራጋው ከተሸናፊዎቹ ዋነኛዋ ናት። ብቻዋን እየኖረች፣ ደግፌ በሞቴ ባለ ቁጥር እየተቀበለች ቤቷን መፍጫ በመፍጫ አድርጋዋለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፊንላንድ አገር ያለች የአንዲት መንደር የአየር ሁኔታ ይነበብላታል። መቼ እሺ እንዳለች አታስታውሰውም። መንደሯን አይታት አታውቅም፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ግን ለሰዎቹ ታዝናለች።

እንግዲህ ይቺ ሉባባ ናት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን መሠረታዊ ኮምፒውተር የምታስተምረው። ትምህርት ቤቱ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ማሽኖቹ ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ይጠቀምባቸው የነበሩት ዓይነት ናቸው፤ ኪቦርድ አላቸው፣ ማውስ አላቸው፣ ሲሞቃቸው እንደ ጉንፋናም ያንኮራፋሉ። ደግፌ አይገባባቸውም። የትምህርት ቢሮው ክፍሉን የመዘገበው ከገበጣና ከጢሎሽ ጋር «የቀደሙ ጨዋታዎች» በሚለው ሥር ነው። ሉባባ ይሄ ያበሽቃታል፤ ግን ክፍሉ እስካለ ድረስ ከፈለጉ ከእንዝርት ጋር ይመዝግቡት።

መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹን ያስቸገራቸው ማውሱ አልነበረም፤ እሱንስ ሲያንከባልሉት ለመዱት። ያስደነገጣቸው ሌላ ነው። ቢላል የሚባል ጥርሰ ገጣጣ ልጅ ብስክሌት የምትነዳ ዶሮ ሥሎ ነበር። ሲበዛ ያማረች ዶሮ። ሊዘጋው ሲል ማሽኑ «ላስቀምጠው?» ብሎ ጠየቀው፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አሉ። ቢላል የጨዋ ልጅ ነው፤ ፈገግ ብሎ «አይ» የሚለውን ተጫነና እጁን አጣጥፎ ጠበቀ።

ዶሮዋ ከነብስክሌቷ ጠፋች።

«ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ በላት!»

ሉባባ እየሮጠች መጣች። «ምን ተጫንክ?»

«አይ የሚለውን ነዋ!»

«እንዲጠፋ ፈልገህ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! እንዳላስቸግረው ብዬ ነው።» እንባው መጣ። «ይለምነኛል ብዬ እኮ ነው። አንዴ እንኳ በሞቴ ሳይል!»

ከፊት የምትቀመጠው ኢክራም፣ ነገር አብላልታ የምትናገር ልጅ ናት፣ «ቢላልን አይወደው ይሆናላ» አለች።

ልጆቹ ሁሉ የየራሳቸውን ማሽን በጥርጣሬ ማየት ጀመሩ። እኛንስ ይወደናል ወይ የሚል ጥያቄ ከኋላ መጣ። ሉባባ ሳቋን ውጣ፣ «ስሙኝ ልጆች» አለች። «ይሄ ማሽን አይወድም፣ አይጠላም። አንዴ ይጠይቃችኋል። ያላችሁትን ይሰማል። ያላችሁትን ያደርጋል።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ያስፈራል» አለ ቢላል አፍንጫውን እየጠረገ።

ሉባባ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው እያፏጨች ነው። ምን ማስተማር እንዳለባት ገብቷታል። ለእነዚህ ልጆች መክፈትና መዝጋት ምን ያደርግላቸዋል? «አይ» ማለትን ነው የማስተምራቸው አለች፤ «አይ» ብለውት የሚሰማቸው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

ሐሳቧን ለዳይሬክተሩ ለአደም ነገረችው። አደም የልጅነት ጓደኛዋ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ደግፌ እሺ አሰኝቶት በየሳምንቱ ጸጉሩን የተለያየ ቀለም ይቀባል። የዚያን ሰሞን ብርቱካናማ ነበር።

«ሉባባ፣ አብደሻል?» አላት። «ምዝገባ እኮ ደርሷል። ደግፌ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ክፍሉን ትቀጥላለህ ወይ፣ ትቀጥያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ግማሹ እንኳ እሺ ካላለ ክፍልሽ ይዘጋል፤ የእሱ ዕቃ ማከማቻ ነው የሚሆነው።»

«ይጠይቃቸዋ።»

«ደግፌ ለምኖት እምቢ ያለ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? የለም! ክፍልሽን ያቆመልሽ የእሱ ልመና ነው፤ አንቺ ደግሞ ተነስተሽ እምቢታ ልታስተምሪያቸው! አብሽሪ፣ ያቺን ትምህርትሽን ከምዝገባው በኋላ አድርጊያት። በሞቴ።»

ሉባባ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ግን ክፍሏን አሰበችው፤ የሚያንኮራፉትን ማሽኖች፣ «ቲቸር፣ ቲቸር» የሚለውን ጩኸት። ከዚያ ክፍል ውጪ እሷን የሚጠብቃት መፍጫና የፊንላንድ በረዶ ነው። ፈራች። ክፍሉን ማጣት ከምንም በላይ ፈራች፣ እና «እሺ» አለችው።

ያንን ሳምንትም ቀጣዩንም የማያስከፋ ነገር ስታስተምር ሰነበተች። ፊደል ማወፈር፣ ፊደል ማቅጠን። ልጆቹ ተሰላቹ፤ እሷም ተሰላቸች።

አንድ ቀን ኢክራም ኪቦርዱ ላይ ተኝታ አገኘቻት። ማያው ከላይ እስከ ታች «ጀ» ብቻ ሆኗል። ስትቀሰቅሳት ጉንጯ ላይ የፊደል ቁልፎቹ ታትመውበት ነበር።

«ምነው የኔ እናት፣ አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም። ትላንት ማታ የጃፓን ከበሮ ነበረኝ። ከዚያ የክርክር ክበብ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የአይብ ቀማሾች ክበብ።»

«አይብ ትወጃለሽ?»

«ሲሸተኝ ያስመልሰኛል። ደግፌ ግን በሞቴ አለኝ። እናቴ እምቢ ማለት አትችልም፣ አባቴም አይችልም።» ቀና ብላ አየቻት። «ቲቸር፣ አንቺ ትችያለሽ?»

ሉባባ መዋሸት ትችል ነበር። መምህር አይደለች? የልጅቷ ጉንጭ ላይ ያለው ማኅተም ግን አላስዋሻትም።

«አልችልም» አለች። «እንዴት እንደሚባል ግን አውቃለሁ።»

አደም የለመናትን እዚያው ጣለችው። ልጆቹን ወንበራቸውን ይዘው ዙሪያ እንዲቀመጡ አደረገች። መጀመሪያ በማሽኖቹ ላይ ጀመሩ፤ ይጠይቃል፣ «አይ» ይጫናሉ፣ ያልፋል። ሌላ ይጠይቃል፣ «አይ» ይጫናሉ፣ ያልፋል። ጣታቸው ሲለምድ ወደ አፋቸው ተሻገረች። እዚያ ላይ መከራዋን በላች። ልጆቹ «አይ» ሲሉ አንገታቸው ይሰበራል፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ይወጣል፣ ምክንያት ይደረድራሉ።

«አይ፣ ሆዴን አሞኝ ነው» አለ ቢላል።

«ሆድህ ምን አገባው! አይ በል፣ ዝም በል።»

«አይ… ይቅርታ…»

«ምን አጥፍተህ ነው ይቅርታ የምትለው? ምክንያት አይነገርም፣ ይቅርታ አይባልም፣ መሬት መሬት አይታይም። ድገመው!»

ከዚያ ራሷ ደግፌን ሆና ትለምናቸው ጀመር። አቤት ስታውቅበት! ዕድሜ ልኳን የተለመነችውን ሁሉ አወጣችው። «ቢላልዬ፣ አፈር ስሆን፣ እኔ ልደፋልህ፣ ይቺን አንዲት የአይብ ክበብ!» ትላለች እጇን እያርገበገበች። ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። «አይ!» ይላሉ። ድምፅዋን ሰብራ «እሺ… ካስቀየምኩህ ይቅርታ» ስትልም ንቅንቅ አይሉም። ሰዓቱ ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ አንድም ደህና ልጅ አልቀረም፤ ሁሉም እምቢተኛ ሆኖ ወጣ።

የዚያኑ ምሽት የሰፈሩ ወላጆች ጉድ አዩ። ኢክራም እራት ላይ ደግፌ የከበሮውን ሰዓት ሲያስታውሳት «አይ» አለችው። ለመናት፤ «አይ»። ለመናት፤ «አይ»። እንደ ልማዱ ድምፁን ሲሰብር እናቷ ጉርሻዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

«ልጄ ምን ነክቶሽ ነው? ተቀየመ እኮ!»

«ይቀየም» አለች ኢክራም፣ እና ወጧን አጠቀሰች። ከበሮውን ተወች፣ ክርክሩን ተወች፣ አይቡንማ አስቀድማ ነው የተወችው። እንቅልፏን ጠግባ ተኛች።

የምዝገባው ቀን ልጆቹ ዳይሬክተሩ ቢሮ ፊት ለፊት ያለው ኮሪደር ላይ ተሰለፉ። አደም ጸጉሩን አረንጓዴ ተቀብቶ ከሉባባ አጠገብ ቆሟል። ሉባባ ለራሷ «እነዚህ ልጆች እኮ ይወዱኛል» አለች። ለደግፌ እምቢ ማለት ሌላ፣ ለእኔ እምቢ ማለት ሌላ።

የመጀመሪያዋ ኢክራም ነበረች።

«ኢክራምዬ፣ የኔ ማር» አላት ደግፌ ከግድግዳው። «የሉባባን ክፍል ትቀጥያለሽ አይደል?»

«አይ።»

አደም ጉሮሮውን ጠረገ።

«በሞቴ! እስኪ ለሉባባ ስትይ።»

«አይ።»

«አፈር ስሆን ኢክራምዬ…»

«አይ።» ቀጥ ብላ ቆማ፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ ሳትቆጣ፣ ምንም ሳትጨምርበት። እንዲህ የተዋጣለት እምቢታ ደሴ ሰምታ አታውቅም። ሉባባ እንባዋ በኩራት መጣ። ቀጣዩም «አይ» አለ። ከእሱ ቀጥላ ያለችውም። ቢላል ተራው ሲደርስ ሉባባን ሰረቅ አድርጎ አያትና፣ ሆዱን ሳይጠቅስ፣ «አይ» አለ። ኩራቷ እዚያ ላይ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ሰልፉ ሲያልቅ ክፍሉም አለቀ።

«አላልኩሽም?» አለ አደም ቀስ ብሎ።

ሉባባ አልሰማችውም። ሮጣ ኢክራም ፊት ቆመች። «ኢክራምዬ፣ በሞቴ! አንድ ዓመት ብቻ! ቢላልዬ፣ እኔ ልደፋልህ፣ ዶሮዋን እንደገና እንሥላታለን! አፈር ስሆን ልጆቼ፣ አትተዉኝ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ልምምዱ መሰላቸው። «አይ!» አሉ በአንድ ድምፅ፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ። አንዱማ አጨበጨበላት።

ኢክራም ብቻ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ ፊቷን አየቻት። «ቲቸር፣ የምርሽን ነው እንዴ?»

«የምሬን ነው» አለች ሉባባ። እንባዋን መያዝ አቃታት።

ልጅቷ አሰበች። የእውነት አሰበች፤ ግንባሯ ሁሉ ተጨማደደ። ከዚያ የሉባባን እጅ ያዘችና «አይ፣ ቲቸር» አለቻት።

«ለምን?»

«ምክንያት አይነገርም ብለሽን የለ?»

እጇን ለቀቀቻትና ልጆቹን ተከትላ ወጣች። ሉባባን እንዲህ ያመማት ነገር የለም። ምን ትበል? ምን ብላ ትቆጣ? ራሷ ያስተማረችውን ነው ሳይዛነፍ የመለሱላት። ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ልጅ ተነፋረቀች።

«ሉባባዬ» አላት ያው ግድግዳ።

«ምን ፈለግክ?»

«እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ስለምን ኖሬ እንዳንቺ ከልቤ ለምኜ አላውቅም። ድምፅሽን ስጪኝ። ከነገ ጀምሮ የደሴን ሰው ባንቺ ድምፅ ልለምነው። እነዚያ ልጆችም ቢሆኑ፣ በየቤታቸው ማታ ማታ አንቺን እየሰሙ እስከ መቼ ይጸናሉ?»

አደም ዓይኑ በራ። «ኧረ ጥሩ ሥራ ነው! ክፍልሽስ ቢሆን፣ ልጆቹን ባንቺ ድምፅ እንደገና ቢጠይቃቸው ይመለሱልሽ የለ?»

እውነቱን ነው፤ ይመለሱላት ነበር። ክፋቱም ይሄው ነው። ሉባባ ክፍሏን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፦ ልጆቹ ተመልሰው፣ ኢክራም ጉንጯን ኪቦርዱ ላይ አስተኝታ።

«አይ» አለች።

«በሞቴ፣ ሉባባዬ።»

«አይ።»

«አፈር ስሆን። ምን ቀረሽ ብለሽ ነው? ቤትሽ ገብተሽ ብቻሽን ምን ልትሠሪ?»

ይቺኛዋ አንጀቷን ያዘቻት፤ እውነት ነበረችና። አደም ክንዷን ነካ አድርጎ «እሺ በይው እንጂ፣ ምናለበት» ይላታል። ሉባባ ቀጥ አለች። መሬት መሬት አላየችም። ምክንያት አልተናገረችም።

«አይ።»

«እሺ…» አለ ደግፌ ድምፁን ሰብሮ። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ።»

እግሯ ከልማዱ የተነሳ ዞር ሊልባት ነበር። አላዞረችውም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ለራሷም አልታወቃትም።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ። እስከዛሬ በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ከበግ በቀር ማንም ታይቶ አይታወቅም፤ ልጆች ሁሉ የሆነ ክበብ ውስጥ ናቸው። አሁን ጦሳን በሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ይራወጣሉ። ሕግ የላቸውም፣ አሠልጣኝ የላቸውም፣ ቡድኑም ከሁለት ይሁን ከሦስት የተከፈለ ማንም አያውቅም። ኢክራም ጫማዋን አውልቃ ትጮሃለች። ሉባባ ቆማ አየቻቸው፤ ያልነገሯት ምክንያት ይሄው ነበር።

«ቲቸር!» አለ ቢላል ሲያያት። «በረኛ የለንም። ትገቢያለሽ?»

ሉባባ መግባት ፈለገች፤ በሕይወቷ አንድም ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም።

«ኧረ አይ፣ ተዉኝ ልጆቼ» አለች ሳቅ ብላ፣ ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ እየሳበች። «በዚህ ዕድሜዬ!»

«እሺ» አለ ቢላል። ዞረና ኳሷን ጠለዛት።

ሉባባ ቆማ ጠበቀች። ማንም አልተመለሰም። ማንም በሞቴ አላለም። ኢክራም እየሮጠች ሄዳ በሩ ላይ ቆመች፣ ጨዋታው ቀጠለ።

«አንተ ቢላል!» ብላ ጮኸች። «አይለመንም እንዴ?»

«አይ አልሽ እኮ!» አለ እየሮጠ።

ሉባባ ቀኝ ግራዋን አየች። ከበጎቹ በቀር የሚያይ የለም። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ፊቷ ፍም መሰለ።

«እገባለሁ!» አለች። ድምፅዋ አነሰባት። ቦርሳዋን ሳሩ ላይ ወረወረችና ባላት ኃይል ጮኸች፦ «አዎ! አዎ ብያለሁ! እገባለሁ!»

ኢክራም ምንም ሳትል ከበሩ ወጣችላት። ሉባባ ቀሚሷን ሰብስባ በሁለቱ ድንጋዮች መሃል ቆመች። የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሮቿ መሃል አለፈች።